በይፋዊ የውጭ ጉብኝት ብሔራዊ ምልክቶችን የማዘጋጀት አሠራር፦ ከዕውቅና ውሳኔ እስከ ሰንደቅ ዓላማው ገመድ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 1987 የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ቦን ሲገቡ፣ የምዕራብ ጀርመንን የፕሮቶኮል ሹማምንት ያስጨነቃቸው የምንጣፉ ርዝመት ወይም የምሳው ዓይነት አልነበረም። መንግሥታቸው ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ውል ተዋውሏል፤ እንደ ባዕድ አገር ግን አይቆጥራትም፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱ በሌላው ዘንድ የከፈቷቸው መሥሪያ ቤቶችም ኤምባሲ ሳይሆን «ቋሚ ውክልና» ነበር የሚባሉት። ታዲያ የእንግዳው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል ወይስ ይቅር? መዝሙሩስ? በመጨረሻ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ፣ መዝሙሩ ተሰማ፣ የክብር ዘብም ቆመ፤ ጉብኝቱ ግን በይፋ «የሥራ ጉብኝት» ተብሎ ተሰየመ፣ ምዕራብ ጀርመንም የቀድሞ የሕግ አቋሟን እንደያዘች ቀጠለች።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለውን ጉብኝት የማስተናገድ ኃላፊነት ለተጣለበት የፕሮቶኮል ባለሙያ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በተመሳሳይ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። በዚህ ሥራ የሚፈጸሙ ስህተቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የመጋዘን ስህተት ነው፤ የተገለበጠ ሰንደቅ ዓላማ፣ የተሻረ አርማ፣ የሌላ አገር መዝሙር በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው የአቋም ስህተት ነው፤ ይህም መንግሥት ሊሰጥ ያላሰበውን ዕውቅና የሰጠ፣ ወይም ቀድሞ የሰጠውን የነፈገ የሚያስመስል ምልክት ነው። የመጀመሪያው ያሳፍራል፣ በይቅርታ ግን ይታለፋል። ሁለተኛው በሌላው ወገን መዝገብ ውስጥ እንደ ማስረጃ ተቀምጦ ከዓመታት በኋላ ሊጠቀስ ይችላል። ሥራው ከጨርቁ ሳይሆን ከዕውቅናው የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ፦ እንግዳው ለመንግሥትዎ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ያስወስኑ

የጉብኝቱ ሐሳብ እንደተሰማ፣ ቀኑ እስኪቆረጥ ሳይጠብቁ፣ ለሚመለከተው የፖለቲካ መምሪያና ለሕግ አማካሪዎች አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ያቅርቡ። መንግሥታችን እንግዳው የመጣበትን አካል እንደ አገር ዕውቅና ሰጥቶታል ወይ? አገሩን ካወቀ፣ እንግዳውን የላከውን አስተዳደር የዚያ አገር መንግሥት አድርጎ ይቀበለዋል ወይ? ከዚያ መንግሥት ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አለን ወይ? በሰነዶቻችን ላይ በየትኛው ስም እንጠራዋለን?

አራቱ ጥያቄዎች ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ዩናይትድ ስቴትስና ኢራን ከ1980 ጀምሮ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የላቸውም፤ ይሁን እንጂ አንዳቸውም የሌላውን አገርነት አይክዱም። ዩናይትድ ስቴትስና ኩባም ከ1961 እስከ 2015 ግንኙነታቸው ተቋርጦ ሳለ፣ በኋለኞቹ ዓመታት በስዊዘርላንድ ጥላ ሥር በተከፈቱ የጥቅም ማስከበሪያ ቢሮዎች ይነጋገሩ ነበር። በአንጻሩ አገሩ የታወቀ ሆኖ መንግሥቱ የማይታወቅበት ሁኔታ አለ፤ ታሊባን በኦገስት 2021 ካቡልን ከያዘ በኋላ አብዛኞቹ መንግሥታት አፍጋኒስታንን እንደ አገር ማወቃቸውን ሳይተዉ አዲሱን አስተዳደር ግን ዕውቅና ነፍገውት ቆይተዋል፤ ሩሲያ በጁላይ 2025 ዕውቅና እስክትሰጥ ድረስ ይህን ያደረገ መንግሥት አልነበረም። የፕሮቶኮል ባለሙያው «የአፍጋኒስታንን ሰንደቅ ዓላማ አምጣ» ሲባል የትኛውን ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው፤ የቀድሞውን ሪፐብሊክ ባለ ሦስት ቀለምና የታሊባንን ነጭ መለየት የመጋዘን ሠራተኛ ውሳኔ ሊሆን አይችልም።

ሕጉ ምን እንደሚል ባጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። በ1933 የተፈረመው የሞንቴቪዴዮ ስምምነት ዕውቅና በግልጽም በተዘዋዋሪም ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ በተዘዋዋሪ የሚሰጠውም አዲሱን አገር የማወቅ ሐሳብን ከሚያሳይ ድርጊት እንደሚመነጭ በአንቀጽ 7 ይገልጻል። ቁልፉ ቃል «ሐሳብ» የሚለው ነው። ብቻውን የተሰቀለ ሰንደቅ ዓላማ አገርን አይወልድም፤ ነገር ግን ሐሳቡ በሌላ ቦታ ተጽፎ ካልተገኘ ተመልካቹ ከሰንደቅ ዓላማው ሊያነበው ይሞክራል። አምባሳደር መለዋወጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በ1961 የወጣው የዲፕሎማሲያዊ ግንኙነቶች የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 2 እንዳስቀመጠው ግንኙነት የሚመሠረተው በሁለቱ አገሮች የጋራ ስምምነት ስለሆነ፣ ከማያውቁት አካል ጋር ይህን መፈጸም አስቸጋሪ ነው።

ለጉብኝት ግን ግንኙነት መኖሩ ግዴታ አይደለም። በ1969 የጸደቀው የልዩ ልዑካን ስምምነት ልዩ ልዑክ ለመላክም ሆነ ለመቀበል ዲፕሎማሲያዊ ወይም ቆንስላዊ ግንኙነት አስፈላጊ እንዳልሆነ በአንቀጽ 7 በግልጽ ይናገራል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌብሩዋሪ 1972 ቤጂንግ ሲወርዱ የሁለቱም አገሮች ሰንደቅ ዓላማዎች ይውለበለቡ፣ መዝሙሮቻቸውም ይሰሙ ነበር፤ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የተመሠረተው ግን ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ነው። በጁን 2018 በሲንጋፖር የአሜሪካና የሰሜን ኮሪያ ሰንደቅ ዓላማዎች እየተፈራረቁ በአንድ ረድፍ ቆመው ሁለቱ መሪዎች በፊታቸው ሲጨባበጡም፣ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ኤምባሲ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ የአቋም ማስታወሻ ያዘጋጁ

ለአራቱ ጥያቄዎች የተሰጠውን መልስ በአንድ ገጽ አጠቃለው፣ በኃላፊ አስፈርመው ከጉብኝቱ መዝገብ ጋር ያያይዙ። ማስታወሻው የሚፈቀዱትንና የማይፈቀዱትን ምልክቶች በስማቸው ይዘርዝር፤ ሰንደቅ ዓላማ በቤት ውስጥ ይፈቀዳል፣ በአደባባይ አይፈቀድም፤ መዝሙር የለም፤ ማዕረጉ «ሚኒስትር» ሳይሆን «የልዑካን ቡድኑ መሪ» ይባላል፤ እያለ ይሂድ። «እንደ ሁኔታው ይታያል» የሚል አረፍተ ነገር ከዚህ ገጽ መውጣት አለበት፤ ሁኔታው በሚታይበት ሰዓት ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ቆሞ የሚወስነው አንድ ወጣት ባለሙያ ነውና። ይህን ገጽ ለማስፈረም የሚፈጀው ቀን ከዝግጅቱ ሁሉ አሰልቺው ነው፤ እኔ ግን ከቀሩት ወረቀቶች ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው።

ሦስተኛ፦ የጉብኝቱን ዓይነት ከምልክቶቹ ጋር ያዛምዱ

በአብዛኛው የመንግሥታት ልማድ የርዕሰ ብሔር የመንግሥት ጉብኝት፣ ይፋዊ ጉብኝት፣ የሥራ ጉብኝትና የግል ጉብኝት ተብለው ይለያሉ፤ የክብር ዘቡ፣ የመዝሙሩ፣ የመድፉና የራቱ ነገር የሚወሰነውም በዚህ ደረጃ ነው። በብዙ አገሮች ርዕሰ ብሔር በ21፣ ርዕሰ መንግሥት በ19 ጊዜ የመድፍ ተኩስ ይቀበላል፤ በሥራ ጉብኝት ላይ መድፉ ብዙውን ጊዜ ይቀራል፣ በግል ጉብኝት ደግሞ ምልክቶቹ ሁሉ ይቀራሉ። የጉብኝቱ ስም ከሁለቱም ወገኖች ጋር ተስማምቶ የተወሰደ መሆኑን በቃል ማስታወሻ (ስሙ እንዲህ ቢሆንም በጽሑፍ የሚላክ ይፋዊ የዲፕሎማሲ መልእክት ነው) ልውውጥ ያረጋግጡ፤ አንዱ «ይፋዊ» ሌላው «የሥራ» ብሎ መግለጫ ካወጣ ጋዜጠኞች የመጀመሪያውን ዜና ከዚያው ያገኛሉ።

አራተኛ፦ ስሙን ከሰንደቅ ዓላማው በፊት ያጽዱ

የአገር ስም ራሱ ምልክት ነው፤ በጠረጴዛ ሰሌዳ፣ በመቀመጫ ካርድ፣ በጋራ መግለጫና በመጋረጃ ጽሑፍ ላይ ስለሚደጋገም ከጨርቁ ይልቅ ብዙ ቦታ ይሳሳታል። አጭሩንና ሙሉውን ስም እንግዳው አገር በአሁኑ ጊዜ ከሚጠቀምበት ይውሰዱ። ስዋዚላንድ በኤፕሪል 2018 ኢስዋቲኒ ተብላለች፤ ቱርክ በ2022 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በውጭ ቋንቋዎች የምትጠራበትን ስም «ቱርኪዬ» አስደርጋለች። ያለፈው ዓመት ሰነድ ተገልብጦ ሲመጣ የተሻረው ስምም አብሮ ይመጣል።

የስም ክርክር ባለበት ጉዳይ ላይ ከዚህም በላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ ከ1993 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት «የቀድሞዋ የዩጎዝላቪያ መቄዶንያ ሪፐብሊክ» በሚል ጊዜያዊ መጠሪያ ቆይታለች፤ በፊደል ተራ የምትቀመጠውም መቄዶንያ በሚለው ሳይሆን በመጠሪያው መነሻ ፊደል ነበር። ጉዳዩ የተዘጋው በጁን 2018 ከግሪክ ጋር የተፈረመው የፕሬስፓ ስምምነት በፌብሩዋሪ 2019 ሲጸና ነው። የመቀመጫ ተራ በየትኛው ቋንቋ ፊደል እንደሚወጣ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሲባል ነው፤ አንድ ቃል የሰውየውን ወንበር ከክፍሉ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ያዛውራል።

አምስተኛ፦ ሰንደቅ ዓላማውን ያስመጡ፣ ይለኩ፣ ያስፈርሙ

በመጋዘን ያለውን ሰንደቅ ዓላማ ትክክል ነው ብለው አይመኑ። አገሮች ሰንደቅ ዓላማ ይለውጣሉ፤ ምያንማር በ2010፣ ሞሪታንያ በ2017 በሕዝበ ውሳኔ ለውጠዋል፤ ማላዊ በ2010 ለውጣ በ2012 ወደ ቀድሞው ተመልሳለች፤ በሶርያ መንግሥት ከተገለበጠ በኋላ አረንጓዴው ባለ ሦስት ኮከብ ሰንደቅ ዓላማ በኤፕሪል 2025 በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ተሰቅሏል። ስለሆነም ከእንግዳው ኤምባሲ ወይም ከእንግዳው ቀድሞ ከሚመጣው የዝግጅት ቡድን የቀለሙን ቁጥር፣ የቁመትና የወርድ ምጣኔውን፣ የአርማውን ሥዕልና በቁም ሲንጠለጠል የሚኖረውን አቀማመጥ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሰንደቅ ዓላማው ሲደርስ ዘርግተው ፎቶግራፍ ያንሱትና ፎቶግራፉ ላይ የእንግዳው ተወካይ ይፈርምበት። ፊርማው ሰዎችን ያናድዳል፤ ቢሆንም ያስፈርሙ።

ከሚምታቱት መካከል ደጋግመው የሚያጋጥሙትን እንይ። ቻድና ሮማንያ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ በቁም የተደረደሩባቸው ሲሆኑ የሚለያቸው በተለይ የሰማያዊው መጠቆር ነው። ኢንዶኔዥያና ሞናኮ ቀይ በላይ ነጭ በታች ሆነው በምጣኔ ብቻ ይለያያሉ፤ ፖላንድ ደግሞ የእነሱ ግልባጭ ናት። የአየርላንድ ሰንደቅ ዓላማ ከጀርባው ሲታይ የኮትዲቯርን ይመስላል፤ ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ጉዳይ ወሳኙ ነገር በእንጨቱ በኩል ያለው ቀለም ነው፤ ለአየርላንድ አረንጓዴ፣ ለኮትዲቯር ብርቱካናማ። የስሎቫኪያና የስሎቬኒያ መምታታት እጅግ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አልልበትም፤ አርማውን ይዩ።

መገልበጥ ደግሞ ለአንዳንድ አገር ከመሳሳትም ያለፈ ትርጉም አለው። የፊሊፒንስ ሰንደቅ ዓላማ ሰማያዊው ከላይ ሲሆን የሰላም፣ ቀዩ ከላይ ሲሆን የጦርነት ጊዜ ምልክት ነው። በሴፕቴምበር 2010 በኒው ዮርክ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ መሪዎች ጋር በተገናኙበት ስብሰባ ላይ ቀዩ ወደ ላይ ሆኖ ታየ፤ አስተናጋጆቹም ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ። የሳዑዲ ዓረቢያ ሰንደቅ ዓላማ የእምነት ቃል ስለተጻፈበት ከሁለቱም ወገን ከቀኝ ወደ ግራ በትክክል እንዲነበብ ተደርጎ ይሰፋል፤ በሐዘን ጊዜም ዝቅ አይደረግም። ስለዚህ ከአስተናጋጁና ከእንግዳው አገር በአንዱ ብሔራዊ ሐዘን በታወጀበት ሳምንት ጉብኝት ቢውል፣ የሁሉም ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ይበል ብሎ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ መጠን ሲነሳ ደንቡ ቀላል፣ አተገባበሩ ግን አስቸጋሪ ነው። በሰላም ጊዜ የአንዱ አገር ሰንደቅ ዓላማ ከሌላው ከፍ ብሎ አይሰቀልም፣ ከሌላውም አይገዝፍም። ነገር ግን የስዊዘርላንድ ሰንደቅ ዓላማ አራት ማዕዘኑ እኩል ነው፤ የኳታር ደግሞ 11 በ28 ነው። ሁለቱን በ100 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢያሰፉ አንዱ 100፣ ሌላው 255 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሰው አይቶ አንዱ ተናቀ ይላል። የኔፓል ጭራሽ አራት ማዕዘን አይደለም። እኔ የምመርጠው በሁለት ወገን ጉብኝት ላይ ቁመትን እኩል አድርጎ የየአገሩን ምጣኔ ማክበርን ነው፤ ብዙ አገሮች በተሰበሰቡበት ግን፣ ተወካዮቹ ከተስማሙ፣ ሁሉንም በአንድ ምጣኔ ማሰፋት ረድፉን ያስተካክለዋል።

ስለ ቀኝና ግራ የሚነሳው ጭቅጭቅ ማለቂያ የለውም፤ ምንጩም ቃሉ ራሱ ነው። የክብር ቦታ ቀኝ ነው ሲባል የሰንደቅ ዓላማው የራሱ ቀኝ፣ ማለትም ፊት ለፊት ለቆመ ተመልካች ግራ ማለት ነው። አንዳንድ አገሮች ይህን ቦታ ለራሳቸው ሲይዙ ሌሎች ለእንግዳ ይለቃሉ፤ በሕጋቸው የደነገጉም አሉ። በሥዕላዊ ዕቅድዎ ላይ «ቀኝ» ብለው አይጻፉ፤ «ከካሜራው በግራ» ብለው ይጻፉ። የሚሰቅሉት ሠራተኞች ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ስለሚሠሩ፣ ዕቅዱ በማን ዓይን እንደተሳለ ካልተገለጸላቸው አገላብጠው መስቀላቸው አይቀርም።

በአዳራሽ ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ሰንደቅ ዓላማው ታጥፎ ይወድቃል፤ አርማው ይሸሸጋል፣ የቀለሙም ተራ ይጠፋል። ከውስጥ ደጋፊ ሽቦ ይግባበት ወይም እጥፋቱ በእጅ ተስተካክሎ በመርፌ ቁልፍ ይያዝ። በቁም የሚንጠለጠል ከሆነ ዘጠና ዲግሪ ማዞር ብቻውን አይበቃም፤ የስሎቫኪያ አርማ በቁም ሰንደቅ ዓላማ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ለብቻው ይሠራል፣ የአሜሪካው የከዋክብት ክፍል ደግሞ ከተመልካች በግራ ከላይ መሆን አለበት።

ስድስተኛ፦ መዝሙሩን በጆሮ ያረጋግጡ

ለመዝሙር የፋይሉን ስም አይመኑ። በማርች 2012 በኩዌት በተካሄደ የተኩስ ውድድር ላይ ለካዛኪስታን አሸናፊ የተሰማው በአገሪቱ ላይ ከሚቀልድ ፊልም የተወሰደ የፌዝ መዝሙር ነበር፤ ተሸላሚዋ መድረክ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። በጁን 2016 በአሜሪካ በተካሄደው የኮፓ አሜሪካ ውድድር የኡራጓይ ተጫዋቾች ተሰልፈው ሳለ የቺሊ መዝሙር ተለቀቀ። እነዚህ የመጋዘን ስህተቶች ናቸው። የ2003ቱ ግን ከዚህ ይለያል፤ በሜልበርን በዴቪስ ካፕ ፍጻሜ ለስፔን ቡድን የተሰማው የቀድሞው የስፔን ሪፐብሊክ መዝሙር ነበር፤ ዘውዳዊ ሥርዓት ላለው አገር የተሻረ መንግሥት መዝሙር ማሰማት ከሙዚቃ አልፎ የፖለቲካ ጉዳይ ይሆናል፣ ስፔናውያኑም እዚያው ተቃወሙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የድምፅ ቅጂውንና የሙዚቃ ኖታውን ከእንግዳው ወገን በይፋ ይቀበሉ። አጭር ወይስ ሙሉ ቅጂ እንደሚቀርብ ይስማሙ፤ የግሪክ መዝሙር የተወሰደበት ግጥም 158 ስንኝ ክፍሎች አሉት፣ የሚዘመሩት ግን ሁለቱ ናቸው። የስፔን፣ የቦስኒያና ሄርዞጎቪና እና የኮሶቮ መዝሙሮች ይፋዊ ግጥም የላቸውም፤ ዘማሪ አዘጋጅቶ መጠበቅ ያሳፍራል። የሙዚቃ ባንዱ ልምምድ ሲያደርግ የእንግዳው ኤምባሲ ባልደረባ በአካል ተገኝቶ ወይም በስልክ ሆኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያድምጥ። በብዙ አገሮች የእንግዳው መዝሙር ይቀድማል፣ የአስተናጋጁ ይከተላል፤ የርስዎ አገር ልማድ ሌላ ከሆነ ለእንግዳው አስቀድመው ይንገሩ።

ሰባተኛ፦ መኪና፣ ጠረጴዛ፣ ካርታ

የቪየናው ስምምነት በአንቀጽ 20 የሚሲዮኑ (የኤምባሲው) መሪ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማና አርማ በመሥሪያ ቤቱ፣ በመኖሪያውና በመጓጓዣው ላይ የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የልዩ ልዑካን ስምምነትም ለልዩ ልዑክ በይፋዊ ሥራ ላይ ተመሳሳይ መብት ይሰጣል። እንግዳው በመኪናው ውስጥ በሌለበት ጊዜ ሰንደቅ ዓላማው ይጠቅለል ወይም ይሸፈን። የጠረጴዛ ሰንደቅ ዓላማዎች ትንሽ ስለሆኑ ብዙ ሰው አይፈትሻቸውም፤ በፎቶግራፍ ላይ ግን ከሁሉም ቀርበው የሚታዩት እነሱ ናቸው።

ካርታን በምልክትነት የሚቆጥሩት ጥቂቶች መሆናቸው ያስገርመኛል። በአቀባበል አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለ ካርታ፣ በስጦታ ላይ የተቀረጸ ካርታ፣ በብሮሹር ሽፋን ላይ ያለ የድንበር መስመር ሁሉ አቋም ይናገራል። አከራካሪ ድንበር ካለ ካርታውን ያንሱት።

ስምንተኛ፦ ዕውቅና በሌለበት ወይም በሚያከራክርበት ጊዜ

መንገዶቹ አራት ናቸው፤ የቱን መያዝ እንዳለብዎ በሁለተኛው ደረጃ የተፈረመው ማስታወሻ ይነግርዎታል።

አንዱ መንገድ የሁለቱንም ወገን ምልክት ማንሳት ነው። በኤፕሪል 2018 ሁለቱ የኮሪያ መሪዎች በፓንሙንጆም ሲገናኙ የክብር ዘብ ነበር፤ የሁለቱ መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማዎችና መዝሙሮች ግን አልነበሩም፤ አንዱ ሌላውን እንደ ባዕድ አገር አይቆጥርምና። በዚህ መንገድ የሚሄድ አስተናጋጅ አጥብቆ የሚይዘው ነገር እኩልነትን ነው፤ የእንግዳውን ሰንደቅ ዓላማ አንስቶ የራሱን ከጀርባው ማቆም እንግዳውን ከማዋረድ ሌላ ትርጉም የለውም። በሕንፃው ጣሪያ ላይ ዘወትር የሚውለበለበው የአስተናጋጁ ሰንደቅ ዓላማ ግን ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ሌላው መንገድ የሦስተኛ ወገንን ምልክት መጠቀም ነው። በ2017 በአቡ ዳቢ የጁዶ ውድድር ለእስራኤል አሸናፊ የተሰቀለውና የተሰማው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ነበር። በ2018 በዚያው ውድድር የእስራኤል መዝሙር ተሰማ፤ የእስራኤልና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ይፋዊ ግንኙነት ግን የመጣው በ2020 ነው። ምልክት ከዕውቅና ቀድሞ ሊሄድ እንደሚችልና አንዳንዴም መንገድ ጠራጊ ሆኖ ሆን ተብሎ እንደሚላክ ይህ ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ የተስማሙበትን ምትክ መያዝ ነው። ታይዋን በ1981 ከዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት «ቻይኒዝ ታይፔ» በሚል ስምና ለዚሁ በተሠራ ሰንደቅ ዓላማ ትወዳደራለች። ሰርቢያና ኮሶቮ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2012 በቀጣናዊ ስብሰባዎች ላይ ከኮሶቮ ስም አጠገብ ኮከብ ምልክት እንዲደረግና መጠሪያው በሕጋዊ አቋም ላይ ለውጥ እንደማያመጣ የግርጌ ማስታወሻ እንዲጻፍ ተስማምተዋል። ምትክ የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች ካወቁትና ከፈቀዱት ብቻ ነው፤ አስተናጋጁ በራሱ ፈጥሮ የሚሰጠው ምትክ ስድብ ነው።

አራተኛው የቦኑ መንገድ ነው፤ ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ ትርጉሙን በሰነድ መገደብ። ይህን የሚመርጥ መንግሥት ከጉብኝቱ በፊት አቋሙን የሚገልጽ ደብዳቤ ለእንግዳው ወገን ይላክ፣ በጋራ መግለጫውም ውስጥ የሁለቱን ወገኖች የሕግ አቋም የማይነካ መሆኑን የሚናገር አንቀጽ ያስገባ። አንቀጹ ከጉብኝቱ በኋላ ቢጨመር ማፈግፈግ ይመስላል።

ጉብኝቱ ባለበት ከተማ የእንግዳው ወገን በራሱ ቅጥር ግቢ የሚያደርገውንም መከታተል ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 1 ቀን 2015 በዋሽንግተን ትዊን ኦክስ በተባለው የታይዋን ይዞታ ውስጥ የታይዋን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቻይና ተቃወመች፤ የአሜሪካ መንግሥትም አስቀድሞ እንዳላወቀ አስታወቀ። ስለዚህ የእንግዳውን የግል ዝግጅቶች ዝርዝር ይጠይቁ፣ የሚቸግር ነገር ካለም ከመሆኑ በፊት በቃል ያነጋግሩ።

ዘጠነኛ፦ የዋዜማው ፍተሻና የዕለቱ ጥፋት

በዋዜማው ማታ የሰቀለው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው፣ የተፈረመበትን ፎቶግራፍ በእጁ ይዞ፣ ካሜራው በሚቆምበት ቦታ ቆሞ ሁሉንም ይፈትሽ። መለዋወጫ ሰንደቅ ዓላማ፣ መለዋወጫ የድምፅ ቅጂና ጠንካራ ገመድ በአቅራቢያ ይኑር። ስክሪን ላይ የሚወጣ ምስል ካለ እሱም በዚሁ ይፈተሽ፤ በጁላይ 2012 በግላስጎው ለሰሜን ኮሪያ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን የደቡብ ኮሪያ ሰንደቅ ዓላማ በትልቁ ስክሪን ላይ ወጥቶ፣ ተጫዋቾቹ ከሜዳ ወጥተው ጨዋታው ለአንድ ሰዓት ያህል ዘግይቷል።

ስህተት ከተፈጸመ አስቀድመው ይመርምሩ፦ የመጋዘን ነው ወይስ የአቋም? የመጋዘን ከሆነ በዝምታና በፍጥነት ያስተካክሉ፣ ከዚያም ከእርስዎ ከፍ ያለ ባለሥልጣን ለእንግዳው በአካል ይቅርታ ይጠይቅ። የተሳሳተ መዝሙር ከተጀመረ አንዱ ሐረግ ሲያልቅ ይቁም፤ ትክክለኛው እስኪዘጋጅ ድረስ ዝም ማለት እስከ መጨረሻው ከማስደመጥ ይሻላል። ምክንያት መደርደር፣ በተለይም የበታች ሠራተኛን ጥፋተኛ አድርጎ ማቅረብ፣ እንግዳውን አያስደስተውም። የአቋም ከሆነ ግን ይቅርታ ለማለት አይቸኩሉ፤ የችኮላ ይቅርታ ራሱ የአቋም መግለጫ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የሕግ አማካሪውን ይጥሩ፣ በተፈረመው ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ አጭር መግለጫ ይዘጋጅ፣ ለእንግዳውም ለተቃዋሚውም ወገን ቃሉ ሳይለወጥ ይነገር።

አሥረኛ፦ እንግዳው ከሄደ በኋላ

የተፈረሙት ፎቶግራፎች፣ የአቋም ማስታወሻው፣ የመዝሙሩ ቅጂና የአቀማመጥ ዕቅዱ በአንድ መዝገብ ይታሰሩ፤ ሰንደቅ ዓላማው ታጥቦና ደርቆ፣ የተሰፋበት ቀን ያለበት ወረቀት ተያይዞበት ወደ መጋዘን ይግባ። ከሁሉም በላይ የፎቶግራፍ መግለጫዎችን ይከታተሉ። ለሕዝብ በሚሰራጩት ሥዕሎች ሥር የአገሩ ስምና የእንግዳው ማዕረግ በማስታወሻው ላይ ከተፈቀደው ጋር አንድ መሆኑን፣ ሥዕሎቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ፕሮቶኮሉ ራሱ አንብቦ ይፈርምባቸው።